የሠራተኛው ድርሻ

ስለ ዘካና ስለ ሰደቃ ገንዘብ አወጣጥ በአሳይታ ከተማ የተደረገ ዲስኩር





የአውሳ ሱልጣኔት መናገሻ ሆና በኖረችው፣ በኋላም የአፋር ክልል ርእሰ ከተማነቱን ለሰመራ እስክታስረክብ ድረስ ባገለገለችው በዚህች ከተማ ቆሜ፣ ዘካ ከእስልምና አምስቱ አዕማድ አንዱ ነው ብዬ ላስተምር ብነሣ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ኢማም ሙሐመድ ጋሳ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መንበራቸውን ከሐረር ወደ አውሳ ካዛወሩበት ጊዜ አንሥቶ ይህ ትምህርት በዚህ ሸለቆ ሲሰጥ ኖሯልና። እኔ ዛሬ የምናገረው፣ ገንዘቡ ከሰጪው እጅ ከወጣ በኋላ ከነዳዩ እጅ እስኪገባ ድረስ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ስለሚወጣው ወጪ፣ ይህም ወጪ በሃይማኖትም በሕግም ከየት ሊሸፈን እንደሚገባው ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት አሳቦች ሲከራከሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «እኔ የሰጠሁት ለድኻ ነው፤ ለጸሐፊ ደመወዝና ለመኪና ነዳጅ አልሰጠሁምና የሰጠሁት 100 ብር 100 ብር ሆኖ ይድረስልኝ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ሥራ ያለ ወጪ አይሠራምና የምናወጣውን ለእኛ ተዉት» ብሎ ይመልሳል። የፊተኛው ከቅን ልቡና የመነጨ ቢሆንም የመንገዱን ርዝመት አልመዘነም፤ የኋለኛው እውነት ቢኖርበትም ጠያቂን አላከበረም። እኔ ሸሪዓውንም ሕጉንም መርምሬ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ለምጽዋት ማድረሻ የሚወጣው ወጪ ሃይማኖቱ ራሱ ስፍራ የወሰነለት ስለ ሆነ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውር የሚሆነው ከተወሰነለት ስፍራ አልፎ ሲወሰድና ከሰጪው ዓይን ሲሸሸግ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀርብን አንድ ኩንታል ስንዴ ይዘን መንገዱን እንከተለው። በረመዳን መጨረሻ ለዘካተል ፊጥር እያንዳንዱ ሰው አንድ ሷዕ እህል ያወጣል፤ አንድ ሷዕ በዛሬው ሚዛን ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ ስለሚገመት፣ አንዱ ኩንታል ከ33 እስከ 40 የሚደርሱ ሰዎች ያወጡት ግዴታ ነው ማለት ነው። ኩንታሉ ከሎጊያ ከተማ ነጋዴ ተገዝቶ፣ በጫኝና አውራጅ ትከሻ አይሱዙ ላይ ይወጣል፤ ከዋናው የጅቡቲ መንገድ ተገንጥሎ አሳይታ ይገባል፤ ከዚህም ወደ ገጠሩ መንደር ሲሄድ መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በኋላ በግመል ይጓዛል። በመጨረሻም አንድ ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ከዳቦይታ (ከአፋር ጎጆ) ወደ ዳቦይታ እየተዘዋወረ፣ መበለቲቱንና ዕጓለ ማውታውን በስማቸው እየጠራ፣ ሰፍሮ ሰጥቶ የአውራ ጣት አሻራቸውን ይቀበላል። ይህ ሁሉ ከዒድ ሶላት በፊት መፈጸም አለበት፤ ከሶላቱ በኋላ የደረሰው እህል እንደ ተራ ሰደቃ፣ እንደ ፈቃድ ምጽዋት፣ ይቈጠራልና። እንግዲህ ጫኙም፣ ሾፌሩም፣ ባለ ግመሉም፣ ዝርዝር ያዡም እንደ እኛው ጾመኞች፣ እንደ እኛው የልጅ አባቶች ናቸው። ነዳጁ በነጻ አይቀዳም፤ ግመሉም የሰው ሀብት ነው። ጊዜውን ጠብቆ ማድረስ የአምልኮው ክፍል ከሆነ፣ ለማድረሱ የሚከፈለውን ዋጋ ከአምልኮው ውጪ ነው ብለን ልንገፋው እንዴት ይቻለናል?

አሁን ወደ ሸሪዓው ቃል እንመለስ። ቅዱስ ቁርኣን በተውባ ምዕራፍ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚሰጣቸውን ስምንት ወገኖች ዘርዝሯል፦ ድኾች፣ ምስኪኖች፣ በዘካው ሥራ ላይ የተሰማሩት፣ ልቡናቸው የሚለማመደው፣ ከባርነት የሚዋጁት፣ ባለ ዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ያሉት፣ መንገደኞችም ናቸው። የዘካ ሠራተኛ ከድኻውና ከምስኪኑ ቀጥሎ በሦስተኛ ተራ መጠራቱን ልብ በሉ። ሰብሳቢው፣ ቈጣሪው፣ መዝጋቢውና አከፋፋዩ ድርሻቸውን የሚያገኙት በድኽነታቸው ሳይሆን በሥራቸው ነው፤ ስለዚህም ሊቃውንት ሠራተኛው ባለጸጋ ቢሆን እንኳ የድካሙን ዋጋ ሊወስድ ይችላል ብለዋል። የእኛ ሀገር ሰው በብዛት የሚከተለው የኢማም ሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ደግሞ ለዚህ ድርሻ ወሰን አበጅቶለታል፦ ከስምንቱ ወገኖች አንዱ ነውና ከስምንት አንድ እጅ፣ በመቶኛ 12.5 ማለት ነው፣ ሊበልጥ አይገባውም።

የዚህን ወሰን አሠራር በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ የመስጊድ ኮሚቴ 80,000 ብር ዘካ ሰበሰበ እንበል፤ ከስምንት አንዱ 10,000 ብር ነው። ለማሰባሰቢያና ለማከፋፈያ የወጣው ተገቢ ዋጋ 6,000 ብር ከሆነ፣ ኮሚቴው 6,000 ብር ብቻ ይወስዳል፤ የቀረው 4,000 ብር ወደ ሌሎቹ ወገኖች ይመለሳል፤ ድርሻው የድካም ዋጋ እንጂ ችሮታ አይደለምና። ወጪው 13,000 ብር የደረሰ እንደ ሆነ ግን ትርፉን 3,000 ብር ከነዳያን ድርሻ ቀንሶ መውሰድ አይፈቀድለትም፤ ከሌላ ምንጭ መሸፈን ግዴታው ነው። በጥንቱ ሥርዓት ይህን ጕድለት የሚሞላው በይተል ማል፣ የሕዝቡ ግምጃ ቤት ነበር፤ ዛሬ የሚሞላው በጎ ፈቃደኛ ነጋዴ፣ አለዚያም ለዚሁ ተብሎ የተለየ ሰደቃ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ አብነት አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በስንብቱ ሐጅ 100 ግመሎች ለመሥዋዕት ባቀረቡ ጊዜ፣ ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጣሊብ በእርዱ ላይ እንዲቆሙና ሥጋውን፣ ቆዳውንም፣ የግመሎቹን ልባስ ጭምር ለድኾች እንዲያከፋፍሉ አዘዟቸው፤ የአራጁን ዋጋ ግን ከሥጋውና ከቆዳው እንዳይሰጡ ከለከሏቸው፤ የአራጁ ዋጋ ከራሳቸው ገንዘብ የሚከፈል ነበርና። የዘካ ሠራተኛ ከዘካው ይከፈለዋል፤ የመሥዋዕት አራጅ ግን ከመሥዋዕቱ አይከፈለውም። ሁለቱም የሥራ ዋጋ ሲሆኑ ምንጫቸው ተለያይቷል። ዛሬ በዐረፋ በዓል ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የዑድሒያ (የበዓሉ መሥዋዕት) ገንዘብ ተቀብሎ በዚህ ሸለቆ ፍየልና በግ የሚያሳርድ ድርጅት፣ ቆዳውን ሸጦ ለአራጁ ቢከፍል ይህን ሥርዓት አፍርሷል፤ ለአራጁና ለማጓጓዣው የሚሆነውን ከመነሻው ለይቶ ከሰጪው ቢጠይቅ ግን መንገዱ የቀና ነው።

ሦስተኛውን አብነት ከእርሻችን እወስዳለሁ፤ እዚህ ከአዋሽ ወንዝ ጋር የኖረ ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያስተውለዋልና። በሰማይ ዝናብ ወይም ወንዙ በራሱ ሞልቶ ባጠጣው ማሳ ላይ የበቀለ እህል፣ ልኩ አምስት ወስቅ፣ በዛሬው ሚዛን ወደ 650 ኪሎ ሲሞላ፣ ከዐሥር አንድ ይወጣለታል፤ ገበሬው በድካምና በወጪ፣ በዛሬው ዘመን በሞተር ፓምፕ፣ ውሃ ስቦ ያጠጣው ከሆነ ግን የሚወጣለት ከሃያ አንድ ብቻ ነው። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አርብቶ አደሩ ወደ ጥጥና ወደ እህል እርሻ እንዲገባ ሲያበረታቱ በነበሩበት ዘመን የመስኖ ድካም ምን እንደ ሆነ አባቶቻችሁ አይተውታል። ሸሪዓው የሞተሩን ወጪ በልቡናው መዝኖ ከሰጪው ግዴታ ግማሹን ካነሣለት፣ ለአድራሹ ነዳጅ ዓይኑን ይጨፍናል ብለን ልናስብ አይገባንም።

እንግዲህ የእነዚህ አብነቶች ድምር የሚያስተምረን፣ እያንዳንዱ ገንዘብ የየራሱ የወጪ ሥርዓት እንዳለው ነው። ስለዚህ ዘካው፣ ዘካተል ፊጥሩ፣ ዑድሒያው፣ ስለ ጾም ምትክ የሚሰጠው ፊድያ፣ በስም የታዘዘው ሰደቃና በጠቅላላው የተሰጠው ሰደቃ በአንድ ሣጥን ገብተው ከአንድ መዝገብ የሚወጡ ከሆነ፣ ገንዘብ ያዡ የቱን ያህል ሐቀኛ ቢሆን ሥርዓቱን ጠብቆ ሊያወጣቸው አይችልም። «ይህ ለውሃ ጕድጓድ ይሁንልኝ» ተብሎ የተሰጠ ሰደቃ ለጕድጓዱ ብቻ ነው፤ ሰጪው ወሰን ሳያበጅ «በምታውቁት በጎ ሥራ አውሉት» ያለው ግን፣ ለግምጃ ቤቱ ዘበኛም ለሒሳብ መርማሪውም ዋጋ ሊውል ይችላል።

የሀገራችንም ሕግ ይህን ጕዳይ ሳይነካው አላለፈም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 621፣ አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በአፈጻጸሙ ግን ለሥልጠና፣ ለጕዞና ሥራን ተዘዋውሮ ለመቈጣጠር የሚወጣው ሁሉ ሳይቀር በአስተዳደር ስም ይቈጠር ስለ ነበር፣ ሰፊና በረሓማ በሆነ ሀገር ለሚሠራ ድርጅት ከባድ ቀንበር ሆኖ ነበር። በ2011 ዓ.ም. እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 መጠኑን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም፣ አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለውን ለይቶ ተረጐመው፦ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የመብራትና የስልክ፣ የባንክና የሒሳብ ምርመራ ክፍያ፣ ለአስተዳደር የሚያገለግል መኪና ጥገናና ነዳጅ፣ እነዚህንም የመሰሉ ናቸው። በዚህም ውሃ ይዞ ወደ ተጠማው መንደር የሚሄደው ቦቴና ሥራ አስኪያጁ ወደ ስብሰባ የሚሄድበት መኪና ነዳጃቸው በሁለት የተለያዩ ዐምዶች ተጻፈ። አንድ የሙስሊም በጎ አድራጎት ድርጅት በዚህ አዋጅ ተመዝግቦ ሲሠራ ታዲያ ሁለት ወሰኖች አሉበት፤ ሕጉ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ቢፈቅድለትም፣ ከዘካው ገንዘብ ግን ሃይማኖቱ ከ12.5 በመቶ እንዳያልፍ አዝዞታል። ጠባቡን ወሰን መምረጥ የአማኝ ግብር ነው።

ወደ ውጪው ዓለም ስንመለከት፣ በ1984 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኢትዮጵያና ሱዳን በረኃብ በተጨነቁበት ዘመን፣ ሃኒ አል-በና የተባሉ ትውልደ ግብጽ ሐኪም በእንግሊዝ ሀገር በበርሚንግሃም ከተማ ኢስላሚክ ሪሊፍን መሠረቱ፤ ዛሬ በብዙ ሀገሮች፣ በእኛም ሀገር ጭምር፣ የሚሠራ ታላቅ ድርጅት ሆኗል። በዚያው በብሪታንያ ካሉት የሙስሊም በጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዳንዶቹ፣ «ከሰጣችሁን ላይ ምንም ሳንነካ ሁሉንም ለድኻው እናደርሳለን» ብለው ቃል ይገባሉ። ይህ እንዴት ይሆናል ቢባል፣ በሀገሩ ሕግ መሠረት ግብር ከፋይ የሆነ ሰው አንድ ፓውንድ ሲለግስ መንግሥት 25 ፔንስ ከግብሩ ለድርጅቱ ስለሚመልስ፣ ደመወዙንና ኪራዩን ከዚያ ይሸፍኑታል፤ የጐደለውንም ለዚሁ ብለው የሚሰጡ ባለጸጎች ይሞሉታል። እንግዲህ ወጪው አልጠፋም፤ ከፋዩ ተለወጠ እንጂ። እንዲህ ያለ የግብር ተመላሽ በሌለበት ሀገር ያ ቃል ተቀድቶ ሲነገር ግን፣ ሰሚው «ወጪውን ማን ከፈለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። መልስ ከሌለ፣ ወይ ሠራተኛው ያለ ዋጋ እየደከመ ነው፤ ወይ ወጪው በሌላ ስም ተጽፏል።

ሠራተኛው ዋጋውን ካገኘ በኋላ ደግሞ ከዋጋው በላይ የሚመጣበት ፈተና አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአዝድ ጎሣ የሆነ ኢብኑ አል-ሉትቢያ የተባለ ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ሲመለስ፣ ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አላቸው። እርሳቸውም ወደ ሚንበር ወጥተው ሕዝቡ እየሰማ፣ ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደ ነበረ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ለዘመናችን የተጠየቀ ያህል ነው። እህል አቅራቢው ነጋዴ ለግዢ ሠራተኛው የሚሰጠው ስጦታ፣ ሰው ሳይሄድ የሚወራረድ ውሎ አበል፣ ለዘመድ የሚሰጥ የመኪና ኪራይ፣ ሁሉም በዚያ ሚንበር ላይ ተመዝነዋል። አንድ ከስምንት የተባለው ወሰን በመዝገብ ሊጠበቅ ይችላል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለው ቀዳዳ የሚፈሰው በመዝገብ አይታይምና፣ ከወሰኑ ይልቅ የሰጪው ንቁ ዓይን ያስፈልገዋል።

በሌላ በኩል፣ ወጪ ባነሰ ቍጥር ድርጅቱ ይበልጥ ጻድቅ ነው የሚለውን አሳብ አልቀበለውም። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከአፋፉ አልፎ አሳይታን፣ ዱብቲንና አሚባራን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ ዳግመኛም በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር እየተንቀጠቀጠች በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው በተፈናቀለ ጊዜ፣ ፈጥኖ ለመድረስ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆየት ነበረበት፦ የተጠገነ መኪና፣ ዘበኛ ያለው መጋዘን፣ የታደሰ ስም ዝርዝር፣ መንገዱንና ቋንቋውን የሚያውቅ ደመወዝተኛ። ይህ ሁሉ በደኅና ቀን ሥራ ፈት ወጪ ይመስላል። በክፉ ቀን ግን በመጀመሪያው ሌሊት በደረሰውና በሳምንቱ በደረሰው መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። ዘበኛውን በቁጠባ ስም ያሰናበተ ድርጅት እህሉን ለነቀዝና ለሌባ ይሰጣል፤ ሒሳብ መርማሪውን የተወም የሰጪውን እምነት ያጣል።

ታዲያ ይህን የማይቀር ወጪ ነዳዩን ሳይነኩ ለዘለቄታው የሚሸፍኑበት ጥንታዊ ዘዴ ወቅፍ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መልካም መሬት በምን ላውለው ብለው ነቢዩን ባማከሩ ጊዜ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስም ሆኖ ፍሬው ለድኻው፣ ለዘመዱና ለመንገደኛው እንዲሰጥ ተደረገ፤ መሬቱን የሚጠብቀው መጋቢም ሀብት ሳያከማች በአግባቡ ከፍሬው እንዲበላ ተፈቀደለት። ለወቅፍ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ታሪካችን ያስተምረናል፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 47፣ መስጊዶችም አብያተ ክርስቲያናትም ኪራይ የሚያገኙባቸውን ቤቶች ወስዶባቸዋልና። ዛሬ ግን በሩ ተከፍቷል፤ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የሕግ ሰውነት አግኝቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሎታል። ስለዚህ በገበያው አጠገብ ያሉ ጥቂት ሱቆች ወይም በአሳይታና በአፋምቦ በኩል ያለ አንድ የተምር አትክልት በሕጋዊ ሰነድ ወቅፍ ቢሆኑ፣ ገቢያቸው የጸሐፊውን፣ የዘበኛውንና የመርማሪውን ደመወዝ ሊሸፍን ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘካው ያለ አንዳች ቅናሽ ለነዳዩ ይደርሳል የሚለው ቃል በእኛም አፍ እውነት ይሆናል።

የሒሳብ መግለጫውን ነገር በተመለከተ፣ የአፋር ሕዝብ ከብዙ ሕዝቦች የተሻለ ሥርዓት በእጁ አለው። ሁለት መንገደኞች በበረሓ ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የገበያውን፣ የሰላሙንና የጠቡን ነገር፣ በዓይን የታየውን በጆሮ ከተሰማው ለይተው ዳጉ የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉን ያጣመመ ሰው በወገኑ ፊት ክብሩን ያጣል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ሒሳብም በእንግሊዝኛ ተጽፎ በሰመራ ቢሮ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ብቻ ሊበቃው አይገባም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በገበያም ቀን፣ በአፋርኛና በአማርኛ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ለሠራተኛው ይህን ያህል ተከፈለ፣ በግምጃ ቤት ይህ ቀረ ተብሎ ይነገር። ፊደል ያልቈጠረችው እናት የሰማችውን ይዛ ወደ መንደሯ ትሄዳለች፤ በዚያም «ደርሶናል» ወይም «አልደረሰንም» የሚል መልስ ይመለሳል። ከዚህ የበለጠ ሒሳብ መርማሪ በደመወዝ አይቀጠርም።

ክቡራን ወገኖቼ፤ እንግዲህ የምለምናችሁ ከመጪው ረመዳን የማይዘል ነገር ነው። በየመስጊዱ ያላችሁ ኮሚቴዎች ለየገንዘቡ ዓይነት የተለየ መዝገብ ክፈቱ፤ ለሰጪው ሁሉ፣ አምስት ብርም ቢሰጥ፣ ደረሰኝ ስጡ፤ ለሠራተኛው ተገቢ ዋጋውን ቍረጡና መጠኑን በመስጊዱ በር ላይ በጕልህ ጽፋችሁ ለጥፉት። እናንተ ነጋዴዎች ከዘካችሁ ሌላ ለማጓጓዣና ለመዝገብ ብቻ የሚውል ሰደቃ ለዩ፤ መሬትና ሱቅ ያላችሁም ስለ ወቅፍ ከልጆቻችሁ ጋር ተማከሩ። ሰጪዎች ሁሉ ደግሞ ያለ ኀፍረት ጠይቁ፤ ተጠያቂዎችም ያለ ቍጣ መልሱ፤ በሚንበር ላይ የተጠየቀ የዘካ ሰብሳቢ ካለ፣ ከመጠየቅ በላይ ነኝ ሊል የሚችል መጋቢ በዘመናችን የለም። ይህን ያደረግን እንደ ሆነ ሠራተኛው ድርሻውን ቀና ብሎ ይቀበላል፤ ነዳዩም ድርሻውን ሳይጐድልበት ያገኛል፤ ሰጪውም በሚቀጥለው ዓመት እጁን ሳይሰበስብ ይዘረጋል።

አላህ የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ አደራ የያዛችሁትንም በአደራችሁ ያጽናችሁ።